ጠብቆ የተሰፋ ትከሻ

ጥር 20፣ ማክሰኞ

እማሆይ እህተ ማርያም ተመልሰው መጡ። ኅዳር ላይ የሰፋሁት ቀኝ ትከሻቸው እንደገና ተቀዷል። «ክንድዎን ከጎንዎ ያርቁ» ስላቸው ስንዝር ያህል ተነሳና ወደቀ። በአልትራሳውንድም አየሁት፤ ክንድን የሚያነሳው ጅማት ከአጥንቱ ተላቆ ወደ ውስጥ ሸሽቷል።

ምን ሠርተው ነው አልኳቸው። በቁጣ ነበር የጠየቅኳቸው፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

«ምንም አልሠራሁ፣ ልጄ። ውኃ አይቅዱ አልሽኝ፣ አልቀዳሁም። እንጨት አይሸከሙ አልሽኝ፣ አልተሸከምኩም። ያልሽኝን ሁሉ ጠብቄያለሁ። ከጸሎት በቀር ሥራ የለኝም።»

አመንኳቸው። እሳቸው ካልዋሹ ጥፋተኛው ስፌቱ ነው። ክሩ እንደማይበጠስ አውቃለሁ፤ ጅማቱን ሰንጥቆ ወጥቶ መሆን አለበት። የሰፋሁትም እኔ ነኝ። በፍኖተ ሰላም ሌላ የአጥንት ቀዶ ሐኪም የለም፤ የማሳብብበት ሰው እንኳ የለኝም።

ጥር 22

ጅማትን አጥንት ላይ የሚይዙት ትንንሽ ብሎኖች ከባሕር ዳር ይመጣሉ ከተባለ ቆየ። መንገዱ አንድ ቀን ቢከፈት ሦስት ቀን ይዘጋል። ያለኝ መሰርሰሪያና ክር ነው። አጥንቱን በስቼ፣ ክሩን አሳልፌ፣ ጅማቱን ስቤ አስራለሁ።

አሰፋፉ ግን ሁለት ዓይነት ነው። ተራው፣ መርፌው አንዴ ወግቶ የሚያልፍበት ነው፤ ቶሎ ያልቃል። ሌላው፣ እኔ ቆልፍ የምለው፣ ክሩ ተመልሶ በራሱ ላይ ያልፍና ጅማቱን ጨምድዶ ይይዛል፤ ጊዜ ይፈጃል። ለእማሆይ የሰፋሁት በተራው ነበር። ጄኔሬተሩ እያንኮራፋ ስለነበር ቸኮልኩ።

ያስተማሩኝ ፕሮፌሰር በስልክ፣ «ሁለቱን አወዳድሪና ጻፊው፤ ለክረምቱ ጉባኤ ይደርሳል» አሉኝ። ለጉባኤው ብዬ አይደለም። ለእማሆይ ነው።

ጥር 24

የበግ ትከሻ የሰውን ይመስላል። ላቀው ሥጋ ቤት ሄጄ ትከሻ ከነአጥንቱ ስጠኝ አልኩት።

«ዶክተር፣ ለጥብስ እኮ ጭኑ ይሻላል።»

«ሥጋውን አንተው ውሰደው። እኔ የምፈልገው ጅማቱንና አጥንቱን ነው።»

ቢላውን እንደያዘ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ማታ ሰይፈ፣ የማደንዘዣ ባለሙያችን፣ ከተማው ሁሉ «ዶክተር ያምሮት ሥጋውን ትታ ጅማት ትበላለች» እያለ ነው ብሎ ሳቀብኝ።

ጥር 29፣ ሐሙስ

ዛሬ ጋሼ ገደፋው የሚባሉ ገበሬ መጡ፤ ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ። ልጃቸው ሠርክአዲስ ይዛቸው ነው። ሁለት በሬዎች ተዋግተው ሊገላግሉ ገመዱን ሲይዙ ትከሻቸውን መነጨቋቸው። ጅራፍ የሚይዙበት እጅ ነው። አሁን ጅራፍ ይቅርና ኮፍያቸውን አያወልቁበትም። ጅማቱ ሙሉ በሙሉ ተቀዷል፤ ጊዜ ከሰጠነው እየሸሸ ሄዶ የማይደረስበት ቦታ ይገባል።

ደስ የሚሉ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ነበሩ፤ ሁለት ፍች ያለው ቃል ሳይፈቱ አያልፉም። ጅማትዎን ሰፍቼ አጥንቱ ላይ አስረዋለሁ ስላቸው፣

«ጅማት ይሰፋል እንጂ ይሰፋል እንዴ?» አሉኝ።

የመጀመሪያውን አላልተው፣ ሁለተኛውን አጥብቀው። እውነትም ኮርቻ የሚሰፋው፣ ቆዳ የሚጣፈው በጅማት ነው። እኔም የቡሬ ልጅ ነኝ፣ ገባኝ፤ ሳቅን።

«አይስጉ፣ በበግ ጅማት ሞክሬ ነው የምሰፋልዎት» አልኳቸው።

«በበግ?»

«በበግ። የትኛው ጠንካራ እንደሆነ ከተለየ በኋላ ነው ወደ እርስዎ የሚመጣው።»

«እሽ። እግዜር ያውቃል» አሉ። ሳቃቸውን አቆሙ። ቀዶ ጥገና ሲባል ሁሉም እንዲህ ነው፣ መጨረሻ ላይ ፍርሃት ይመጣል። የካቲት 26 ቀጠርኳቸው።

የካቲት 5

ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ሙከራ ጀመርኩ። የበጉን ጅማት ቆርጬ መልሼ አጥንቱ ላይ እሰፋዋለሁ፤ አጥንቱን ከምሰሶ አስሬ ከጅማቱ ጀሪካን አንጠለጥላለሁ፤ ከዚያ ውኃ በጣሳ በጣሳ እየጨመርኩ እጠብቃለሁ።

ተራው ስፌት ጀሪካኑ ከግማሽ ትንሽ ሲያልፍ ሰንጥቆ ወጣ። ቆልፉ ጀሪካኑ ሞልቶ እስኪፈስ ያዘ። ደጋገምኩት፣ ያው ነው። አንድ ቆልፍ ብቻ ቶሎ ተቀደደ፤ እሱን እልህ ይዞኝ አጥብቄ ጎትቼ ያሰርኩት ነው። ከልክ በላይ ከጠበቀ ክሩ ራሱ ቢላ ይሆናል። ሲላላም ጅማቱ ይሸሻል። መሃሉን ጣቴ ማወቅ አለበት።

ደስ ብሎኛል። እማሆይን የጎዳው ስፌቱ ነው፤ ተረጋገጠ።

የካቲት 8

ሰይፈ ሙከራዬን አበላሸው። በቆልፍ የሰፋሁትን አንጠልጥዬ ለጥሪ ሄድኩ። ስመለስ የጀሪካኑን ሩብ እንኳ በማይሞላ ውኃ ተቀዶ መሬት ላይ ወድቋል።

«ምን አደረግኸው?»

«ምንም! ዝም ብዬ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ሳደርገው ነበር። ስልክ እያወራሁ።»

«ሰው ክንዱን እንዲህ ያደርጋል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አንቺ ነሽ የአጥንት ሐኪም።»

ይሄኛውን ከውጤቱ አወጣሁት። ሙከራ በጨዋታ አይሆንም።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ነገ ቅበላ። ከሰኞ ጀምሮ ላቀው እስከ ፋሲካ ይዘጋል። ያለውን ትከሻ ሁሉ ገዛሁ፤ ማዳበሪያ ሙሉ። ሰው ሥጋውን ለቅበላው ይሸምታል፣ እኔ ለጾሙ አከማቻለሁ። ላቀው፣ «ዶክተር፣ በጾም ምን ሊያደርጉት ነው?» አለ። ልሰፋበት ነው አልኩት። አማተበ።

ላቦራቶሪ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከታች ደረደርኩት። ማንም አያየውም።

የካቲት 21

ሁሉም አየው። ይልቁንም አሸተተው። መብራት ሁለት ቀን ጠፋ፤ በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት የሆስፒታሉ ኮሪደር በሙሉ ሥጋ ሥጋ ሸተተ። ዳይሬክተሩ ቢሯቸው አስቆሙኝ። የጽዳት ሠራተኞቹ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ጉድጓድ ቆፈሩ። ተራ የሚጠብቅ አንድ ሽማግሌ ለጎረቤቱ፣ «ይቺ ናት አሉ፣ በበግ የምትሰፋው» ሲል ሰማሁ። ባልሰማ አለፍኩ። ስሜ ተበላሸ፣ ይበላሽ። ያለኝ ውጤት ይበቃኛል።

የካቲት 26፣ ረቡዕ

ጋሼ ገደፋው አልመጡም። ክፍሉ ተዘጋጅቶ፣ ሰይፈ ለብሶ ቆሞ። ደወልኩ፤ ሠርክአዲስ አነሳች።

«አባዬ ጾመኛ ነው፣ ዶክተር።»

«ጥሩ ነዋ! ለማደንዘዣም ባዶ ሆድ ነው የሚፈለገው። ጾማቸውን አይፈቱም፣ ንገሪያቸው።»

«እሽ፣ እነግረዋለሁ» ብላ ዘጋችው። ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠርኩ።

መጋቢት 3

ዛሬም አልመጡም። በሬ ታሟል አሉ።

ሰይፈ፣ «እዚህ አገር በሬ ታሟል ከተባለ ሰውየው እምቢ ብለውሻል» አለኝ። ለምን እምቢ ይላሉ? ጅማቱ በየሳምንቱ እየሸሸ ነው። እጁ ከቀረ ሌላ ሰው ሊያርስላቸው ነው፤ ወንድ ልጅ የላቸውም። እምቢ የሚሉበት ምክንያት አይታየኝም። ጨዋታ አዋቂ ሰው ናቸው፣ በግልጽ አይናገሩም። መንገዱ ሲከፈት ራሴ እሄዳለሁ።

መጋቢት 7፣ እሑድ

ሄድኩ። አሁን ተመልሼ ነው የምጽፈው። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አላውቅም።

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በር ላይ ጠበቅኳቸው። ክንዳቸው በነጠላ ታዝሏል። ቤት አስገቡኝ፣ ጠላ ቀዱልኝ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ እናቴ ደኅንነት ጠየቁኝ። ስለ ትከሻው ምንም አላነሱም። በመጨረሻ ትዕግስቴ አለቀ።

«ጋሼ ገደፋው፣ ምን አስቀይሜዎት ነው?»

«ኧረ ምንም! አንች ምን በወጣሽ። ብቻ እኔ ጾሜን ገብስ በልቼ ስውል ትከሻዬ በግ ይዞ ከሚውል ብዬ ነው።»

ገብቶኝ አልገባኝም። ሠርክአዲስ ከጓዳ ሆና፣ «በበግ ጅማት ትሰፋኛለች ብሎ እኮ ነው፣ ዶክተር!» አለች።

ራሴ የተናገርኩትን ሰማሁት። «በበግ ጅማት ሞክሬ ነው የምሰፋልዎት።» ጅማትን እንደ ክር ሲያውቁ ለኖሩ ሰው ምን ብዬ እንደነገርኳቸው! በጾም የበግ ሥጋ በሰውነታቸው ተሸክመው ቅዳሴ ሊቆሙ፣ ሊቆርቡ። በዚያ ላይ የሆስፒታሉ ሽታ ወሬ ቡሬ ደርሷል። እምቢ ሳይሉኝ፣ እኔን ላለማሳፈር በሬያቸውን አሳመሙ።

ከቦርሳዬ ክሩን አወጣሁ። የፋብሪካ ክር ነው፣ አረንጓዴ፣ ከናይለን ገመድ ብዙም አይለይም። የነፍስ አባታቸው ቄስ ሃይለ ሚካኤል ተጠሩ። ክሩን በጣታቸው አሻሹት፣ አሸተቱት፣ ወደ ብርሃን አነሱት።

«ነፍስ ያልነበረበት ነገር ነው። ምን ይከለክላል?» አሉ።

ጋሼ ገደፋው ፊታቸው በራ። «ታዲያ ይኸ ከሆነ ጅማትም ይሰፋላ!» አሉ፤ አጥብቀው።

መጋቢት 10

ተሰፋ።

እንደፈራሁት ጅማቱ ሸሽቷል፣ ስስ ሆኗል። ቀስ በቀስ ከተጣበቀበት አላቅቄ አመጣሁት። በተራው ቢሰፋ አይይዝም ነበር፤ በቆልፍ ሰፋሁት። ስቋጥር እጄ ወደ ማጥበቅ አደላ፤ ያ የተቀደደው የበግ ጅማት ትዝ አለኝና አላላሁት፣ ከዚያ ልኩን አገኘሁት። መብራት መሃል ላይ ሄደ፤ ሰይፈ በስልኩ አበራልኝ፣ ጄኔሬተሩ ተነሳ። አልቸኮልኩም። በዚህ ብቻ እንኳ ራሴን ላመስግን።

መጋቢት 13

ጋሼ ገደፋው ወደ ቤት ወጡ። ከዚህ በፊት እንደሆነው እንዳይሆን ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። በሥራም በእንቅልፍም ክንድዎ ከማንገቻው አይወጣም። ጅራፍ የለም፣ እርፍ የለም፣ ቀንበር የለም። ጀሪካን የለም። የልጅ ልጅ ማቀፍ የለም። ለፋሲካ በግ ሌላ ሰው ይረድ። ሠርክአዲስን አስደገምኳት፤ አንዱንም ሳትስት ደገመችው። ምንም የቀረ ነገር የለም።

ለፕሮፌሰሩ ደወልኩ። ርዕሱን ወደዱት።

መጋቢት 28

ለጉባኤው እየጻፍኩ ነው። ተራውና ቆልፉ በሰንጠረዥ ሲቀመጡ ያምራሉ። እማሆይ መጥተው ነበር፤ መቼ ነው የምሰፋው አሉኝ። ከጽሑፉ በኋላ ልላቸው ነበር፣ አፌ ላይ መለስኩት። ከፋሲካ በኋላ አልኳቸው።

ሚያዝያ 9፣ ጸሎተ ሐሙስ

እግዚኦ።

ሰይፈ ነገ ፈቃድ ጠየቀኝ። «ስግደት አለብኝ፣ አምና እኮ ሲመሽ እጄን ማንሳት አቅቶኝ ነበር» አለና እየቀለደ እዚያው ኮሪደር ላይ ሰገደ። በሁለት መዳፉ መሬቱን ገፍቶ ተነሳ። ደገመው። ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ።

ጀሪካኑ ታየኝ።

ጅራፍ አልኩ፣ እርፍ አልኩ፣ በግ አልኩ። ስግደት አላልኩም። ነገ ስቅለት ነው። ጋሼ ገደፋው ቆመው የሚውሉ ሰው አይደሉም።

ስልክ እየደወልኩ ነው። ኔትወርክ የለም። መንገድም ተዘግቷል ይላሉ።

አሁንም የለም።

ሚያዝያ 10፣ ስቅለት

ለአምቡላንስ መንገዱ ተፈቅዷል፤ ምጥ የያዛት ሴት ለማምጣት ቡሬ ይሄዳል። ከሹፌሩ አጠገብ ሆኜ ነው የምጽፈው። መንገዱ ይነቀንቃል።

(ማታ)

ከከተማው በእግር ሄድኩ። ደርሼ ስገባ ግቢው ሞልቶ ሕዝቡ አንድ ላይ ይወድቃል፣ አንድ ላይ ይነሳል። በወንዶቹ በኩል ፈለግኳቸው። ማንገቻውን አውልቀውታል። ለጌታ ስቃይ ትከሻ አንግቶ መቅረብ ነውር መስሏቸው ይሆናል። በሁለት እጃቸው መሬቱን ይዘው ወደቁ፣ ገፍተው ተነሱ። ሲነሱ ፊታቸው ሲጨማደድ አየሁ። ከጠዋት ጀምሮ ስንት እንደሰገዱ አላወቅኩም።

ሠርክአዲስን ላክኋት። ራሳቸውን ነቅንቀው መለሷት። ከዚያ የሴቶቹን ቦታ ትቼ ራሴ ሄድኩ። ሰው ሁሉ አየኝ፤ ይየኝ።

«ጋሼ ገደፋው፣ በቃዎት። አይስገዱ።»

«ያልሽኝን ሁሉ ጠብቄያለሁ» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ። «ይኸን አላልሽኝም።»

እነዚያን ቃላት ከዚህ በፊት ሰምቻቸው ነበር።

«አላልኩም። የረሳሁት እኔ ነኝ፤ እርስዎ አላጠፉም። ግን አሁን ያቁሙ፣ ይቀደዳል።»

«ስቅለትን ቆሜ ልዋል? ከልጅነቴ ጀምሮ ያላደረግኹትን?»

አፌ ቀድሞ ተናገረ። «የእርስዎን እኔ እሰግድልዎታለሁ።»

ቄስ ሃይለ ሚካኤል ከጎናችን ቆመው ይሰሙ ነበር። «እርስዎ በልብዎ ይስገዱ፣ ገደፋው። ጉልበቱን እሷ ታዋጣ» አሉ።

ሠርክአዲስ ክንዳቸውን በመቀነቷ ከደረታቸው ጋር አሰረች። እኔ ወደ ሴቶቹ ተመልሼ ሰገድኩ። ሕክምና ትምህርት ቤት ከገባሁ ወዲህ ስቅለትን ሰግጄ አላውቅም፤ ተረኛ ነኝ፣ ደክሞኛል፣ ሁሌ ምክንያት ነበረኝ። በእያንዳንዷ ስግደት መዳፌ መሬት ሲነካ ትከሻዬ ሲገፋ ተሰማኝ። ይኸው፣ ይኸው፣ ይኸው። ስንት መጽሐፍ አንብቤ ይህን ትከሻዬ ላይ ሳላውቀው ኖርኩ።

እማሆይ ይህን ያደርጋሉ። በዓመት አንዴ አይደለም፣ በየቀኑ፣ ማለዳም ማታም። «ከጸሎት በቀር ሥራ የለኝም» ብለው ነግረውኛል። እኔ የሰማሁት ሥራ እንደሌላቸው ብቻ ነው።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ደረጃ መውረድ አልቻልኩም። ሰይፈ ሲያየኝ መሬት ላይ ተንከባለለ በሳቅ። ወደ ውስጥ ጎትቼው፣ ያ ያበላሸኸው ሙከራ ከሁሉም የሚበልጠው ነበር አልኩት። መሳቁን አቆመ። የጣልኩትን ውጤት መልሼ ጻፍኩት፤ ከነስሙ።

ሚያዝያ 24

ጋሼ ገደፋው መጡ። ማንገቻው ወጣ። በአልትራሳውንድ ጅማቱ አጥንቱ ላይ አለ፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ሳስቷል። የስግደቱ ይሁን የድሮው አላውቅም። ክንዳቸውን እኔ ሳነሳው ይነሳል፤ በራሳቸው ገና አይፈቀድም። «ይዟል?» ሲሉኝ «እስካሁን» አልኳቸው። ከዚህ በላይ ብል ዋሸሁ።

ግንቦት 18

ጽሑፉን ላክሁ። ቆልፉ ከተራው ይበልጣል፤ ይህ እውነት ነው፣ አልሸሸግኩትም። ግን ቀስ ብሎ የሚሞላ ጀሪካን ብቻውን ትከሻን አይመስልም፤ በትንሽ ክብደት ደጋግሞ ከፍ ዝቅ ሲል ቆልፉም ይቀደዳል፤ ይህንንም ጻፍኩ። ለታማሚ የማይነገረው ነገር ከማንኛውም ክር በላይ ስፌት ይቀድዳል ብዬ ጨመርኩ። ፕሮፌሰሩ የመጨረሻዋ መስመር ሳይንስ አይደለችም፣ አውጫት አሉኝ። አላወጣሁም።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ዛሬ ጋሼ ገደፋው ክንዳቸውን በራሳቸው የሚያነሱበት ቀን ነበር። ወደ ግድግዳው ዞሩ። ቀስ አሉ። ወገባቸው ጋ ደረሰ፣ ደረታቸው ጋ፣ ትከሻቸው ጋ። እዚያ ሲደርስ ቆመ። ሠርክአዲስ ጣቷን ነከሰች። ከዚያ ክንዱ ትንሽ ተንቀጠቀጠና አለፈ፣ ከራሳቸው በላይ ወጣ። እዚያ ላይ ይዘው በአፋቸው «ጧ!» አሉ፣ ጅራፍ እንዳጮሁ።

አለቀስኩ። ሰይፈ እያየኝ ነበር፣ ግድ አልሰጠኝም።

«ዶክተር፣ ጅማቱ ጠብቋል?» አሉኝ ቁም ነገር አስመስለው።

«ጠብቋል» አልኳቸው።

«እኔስ?»

«እርስዎም ጠብቀዋል። ያልጠበቅኩት እኔ ነኝ።»

ሳቁ። ዘንድሮ ጎረቤት በወንፈል እያረሰላቸው ነው፤ ለመጪው ዓመት ጅራፉን ራሳቸው ይይዛሉ። አንድ ሰው ዳነ ማለት ስፌቱ ተረጋገጠ ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ልደሰት።

ከሰዓት እማሆይ እህተ ማርያምን አስገባሁ። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ይሰፋሉ። መንገድ ተከፍቷል፣ ብሎኖቹም መጥተዋል፤ ሳጥኑ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አልከፈትኩትም። ወንበሬን ስቤ ከፊታቸው ተቀመጥኩና፣

«እማሆይ፣ በቀን ስንት ጊዜ ይሰግዳሉ?» አልኳቸው።

መቁጠሪያቸውን በግራ እጃቸው ጨበጥ አደረጉ። ፊታቸው ላይ ምንም ቁጣ አልነበረም።

«ኅዳርም ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር፣ ልጄ።»